ደርሶ የተጣለው መስመር

የሾፌራችን ስልክ የመጣው ከጅቡቲ ነው። የስምሪት ኃላፊያችን ስፒከር ላይ አደረጉት። "ኮንቴይነሩ ተይዟል ነው የሚሉኝ" አለ። አልተቆጣም፤ ድምፁ ግን ደክሟል። ከአዳማ ተነስቶ በአዋሽ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ አድርጎ ባዶ ተሳቢ እየጎተተ የወረደ ሰው ነው። እኛ አዳማ ቢሮ ተቀምጠን የምናየው ስክሪን አረንጓዴ ነው። "ለመጫን ዝግጁ" ይላል።

የስምሪት ኃላፊውን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ወደ እኔ ዞሩና "ልጄ፣ ይሄ ነገር የሌለውን ይናገራል እንዴ?" አሉኝ። ያኔ መልስ አልነበረኝም። ሾፌሩ ቆይቶ ጭነቱን ይዞ ተመለሰ፤ የአበሉና የወደብ ኪራዩ ሂሳብም ተዘጋ። የጋሼ ጥያቄ ግን አልለቀቀኝም።

ኤክስኤምኤል ኤለመንት በሚባሉ ስም ባላቸው ክፍሎች የተዋቀረ የመረጃ መላኪያ ጽሑፍ ነው፤ ዳታ ባይንዲንግ ደግሞ ያን ጽሑፍ ፕሮግራም ወደሚጠቀምበት ኦብጀክት የሚቀይር መሣሪያ ነው። ስለ ኤክስኤምኤል ዳታ ባይንዲንግ ምርጫ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከፍጥነት ንጽጽር ይነሳል። የቱ ፍሬምወርክ በሰከንድ ስንት ዶክመንት ያነባል፣ የቱ ትንሽ ሚሞሪ ይበላል። እኔ ግን ሐሳቤን የቀየረው ያ ስልክ ነውና ከእሱ ልቀጥል።

## ጥሬው መልእክት

ስክሪኑን የሚመግበውን ፕሮግራም፣ ክላየንቱን፣ የሠራው ልጅ ከድርጅቱ ከለቀቀ ቆይቷል። ለእኔ የደረሰኝ ፕሮጀክቱና የሚሠራበት ጃቫ 8 ነው። ሥራው ቀላል ነው። የኮንቴይነር ቁጥር ይዞ መረጃውን ለሚሰጠን የውጭ ድርጅት የሶፕ (በኤክስኤምኤል የሚጻፍ) ጥያቄ ይልካል። መልሱን ወደ ጃቫ ኦብጀክት ይቀይራል። ስክሪኑ ከኦብጀክቱ ያነባል። ሎጉን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ኤረር የለም። ዋርኒንግ እንኳ የለም። ጥያቄ ሄዷል፣ መልስ መጥቷል፣ ሁሉም ሰላም ነው።

ቢሮው በሙሉ ላኪውን ጠረጠረ። "ደብዳቤ እንጻፍላቸው" አሉ ጋሼ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከደብዳቤው በፊት ጥሬውን መልእክት ማየት ፈለግኩ። ጃቫ 8 ውስጥ ካለው የሶፕ ክላየንት ጋር የሚመጣ ማብሪያ አለ፤ የሚላከውንና የሚመጣውን ኤክስኤምኤል እንዳለ ዳምፕ ያደርጋል። አበራሁትና ያንኑ ቁጥር ጠየቅኩ።

መልሱ ስክሪኑ ላይ ተዘረገፈ። የኮንቴይነሩ ቁጥር። የመርከቡ ስም። የተራገፈበት ቀን። "አቬይለብል" (ዝግጁ ነው) የሚል ስታተስ። ከሥሩ ደግሞ እኛ የያዝነው ስኪማ (መልእክቱ ምን ምን እንደሚይዝ የሚዘረዝረው ሰነድ) ጨርሶ የማያውቀው አንድ ኤለመንት አለ፤ "ሆልድ" ይላል፤ ተይዟል ማለት ነው። ውስጡ ምክንያቱ ሳይቀር ተጽፏል፤ ያልተጠናቀቀ ክፍያ አለ ነው የሚለው።

እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ፈዝዤ ቀረሁ። መረጃው እኮ ደርሶናል። መኪናው ከአዳማ ሳይነሳ፣ ሾፌሩ ነዳጅ ሳይቀዳ፣ "ተይዟል" የሚለው ቃል በኢንተርኔት አልፎ እኛው ቢሮ ያለ ኮምፒውተር ሚሞሪ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ የመልእክቱ ኤንቨሎፕ ተከፍቶ ወደ ኦብጀክት ሲቀየር፣ ክላሱ (የኦብጀክቱ ንድፍ) ላይ "ሆልድ" የሚቀመጥበት ቦታ ስላልነበረ ተጣለ። ማንም ሳያይ፣ ሎግ ላይ አንዲት መስመር ሳይጻፍ ተጣለ። ላኪው ስኪማውን ያሰፋው ሳይነግረን ነው፤ ይሄ አሁንም ቅር ይለኛል። ቢሆንም ቃሉን ልኳል። የጠፋው በእኛው በር ከገባ በኋላ ነው።

ጋሼን ጠርቼ መስመሩን አሳየኋቸው። ሆልድ የሚለውን ቃል እሳቸው ከእኔ በፊት ነው የሚያውቁት። ዝም ብለው አዩትና "እና ይሄን ማን ደበቀው?" አሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ከዚያ ቀን በኋላ ማንኛውንም ዳታ ባይንዲንግ የምመዝነው በጋሼ ጥያቄ ነው። የማያውቀው ነገር ሲመጣበት ምን ያደርጋል? ይደብቃል ወይስ ይናገራል?

## ሦስት ዓይነት መልእክተኛ

መልእክተኛ ነው ብዬ አሰብኩት። ያልገባውን ቃል አንዱ ዘልሎት ያልፋል። ሌላው "አልገባኝም" ብሎ መንገድ ላይ ይቆማል። ሦስተኛው ባይገባውም እንዳለ ተሸክሞት ይመጣል።

የሚዘለው ጃክስቢ የሚባለው የጃቫ ዳታ ባይንዲንግ ነው፤ የእኛም ክላየንት በእሱ ነበር የተሠራው። ከ2.0 ጀምሮ አንማርሻለሩ (ኤክስኤምኤሉን ወደ ኦብጀክት የሚቀይረው ክፍል) ምንም ካልነገሩት የማያውቀውን ኤለመንት አልፎ ይቀጥላል። ኤለመንት ብቻም አይደለም። የቁጥር ቦታ ላይ ፊደል ቢመጣለት እንኳ ቦታውን ባዶ ትቶ ወይም ዜሮ አድርጎ ይሄዳል። ይሄ በስንፍና የመጣ ነገር አይደለም። ስኪማ ያድጋል፤ ላኪው ዛሬ አንድ መስክ ቢጨምር የትናንቱ ክላየንት ሁሉ መሞት የለበትም ተብሎ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አከብረዋለሁም። ግን የተጨመረው መስክ "ይሄን ኮንቴይነር እንዳትነሳው" የሚል ሲሆንስ? ኤክስኤምኤሉ ውስጥ የትኛው መስክ ጌጥ እንደሆነ፣ የትኛው የሌላውን ትርጉም እንደሚገለብጥ ጃክስቢ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። "አቬይለብል" የሚለው ቃል ብቻውን ሲነበብና ከ"ሆልድ" ጋር ሲነበብ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

መንገድ ላይ የሚቆመው ኤዲቢ ነው፤ አክሲስ2 ከሚባለው የዌብ ሰርቪስ ፍሬምወርክ ጋር የሚመጣው። በእሱ የሠራ ሰው "አንኤክስፔክትድ ሰብኤለመንት" (ያልተጠበቀ ንዑስ ኤለመንት) የሚለውን ኤክሴፕሽን ሳያየው አይቀርም። ያልጠበቀው ነገር ሲገጥመው መልሱን በሙሉ አይቀበልም። ያን ሰሞን ኤዲቢ ቢሆን ኖሮ ብዬ ብዙ አሰብኩ። "ሆልድ" በተጨመረ በመጀመሪያው ሰዓት ስክሪናችን ቀይ ይሆን ነበር። እኔ እጠራለሁ፣ መስመሩን አገኘዋለሁ፣ ያ ሾፌር አይወርድም። እስከዚህ ድረስ ኤዲቢ ያሸንፋል።

ግን ላኪው የጨመረው የመርከቡን ሰንደቅ ዓላማ ቢሆንስ? እሱም ቢሆን ስምሪቱን በሙሉ ያቆመው ነበር። ሌሊት ቢሆን፣ እኔም ስልኬን አጥፍቼ ብተኛ፣ ለማይረባ አንድ መስክ ሲባል መኪኖች ተደርድረው ያድሩ ነበር። የቆመ መኪናም ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ "ጥብቅ ይሻላል" ብዬ ነገሩን መዝጋት አልቻልኩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ሁሉን የሚጠረጥር ሰው ደግሞ ሥራ አይሠራም።

ተሸክሞ የሚመጣው ኤክስኤምኤል ቢንስ ነው። ከቢኢኤ ኩባንያ ወደ አፓቼ (ነጻ ሶፍትዌር የሚያስተዳድር ድርጅት) የተሰጠው በፈረንጆቹ 2003 ነበር፤ ስለ ሶፍትዌሮቹ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። የዶክመንቱን ሙሉ ይዘት ሚሞሪ ውስጥ ይይዛል፤ ክላሶቹ ከላይ እንደተጣለ መስኮት ናቸው። የማያውቀው ኤለመንት ቦታው ላይ አለ፤ በከርሰር (በዶክመንቱ ላይ በሚንቀሳቀስ ጠቋሚ) እየሄዱ ማግኘት ይቻላል፤ መልሶ ሲጻፍም አይጠፋም። እውነቱን ለመናገር በባሕርይ ደረጃ ልቤን የወሰደው ይሄ ነው። ግን በ2014 አፓቼ ጡረታ አውጥቶት ነበር። በ2018 የፖይ ፕሮጀክት ሰዎች ተረከቡት፤ ፖይ አዲሶቹን የኤክሴል ፋይሎች (.xlsx) የሚያነበው በእሱ ስለሆነ እንዲሞት ሊፈቅዱ አልቻሉም። ሕይወት አለው ማለት ነው፤ ሕይወቱ ግን ከዌብ ሰርቪስ ይልቅ ከኤክሴል ጋር የተያያዘ ሆኗል።

ጂቢኤክስና ካስተር የሚባሉትን ሌሎች ሁለት ፍሬምወርኮች ብዙ አላየኋቸውም። ጂቢኤክስ ማፒንጉን (የትኛው ኤለመንት የት እንደሚገባ) ራስህ ጽፈህለት ኮምፓይል በሆነው ክላስ ባይትኮድ ውስጥ የሚከትት ነው። የራስህ ክላሶች ቀድመው ካሉና ስኪማው ከእነሱ ጋር ካልገጠመ ያን ጊዜ ዋጋ አለው። የእኛ ጉዳይ እንዲህ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ገረመኝ። ያው ጃክስቢ ሲኤክስኤፍ በሚባለው ሌላ የዌብ ሰርቪስ ፍሬምወርክ ውስጥ ሲገባ ጠባዩ ይቀየራል። ሲኤክስኤፍ በራሱ የሚያዳምጥ ሃንድለር ያስገባበታል፤ ያልታወቀ ኤለመንት ሲመጣ ኤረር ብሎ ያቆማል፤ ካልፈለግክ በአንድ ፕሮፐርቲ ታጠፋዋለህ። ከጃቫ 8 ጋር የሚመጣው ክላየንት ግን ዝም ይላል። ስለዚህ አንድ ሰው "ጃክስቢ ነው የምንጠቀመው" ቢለኝ ገና መልስ አልሰጠኝም። በምን ውስጥ ነው የሚሮጠው? ጆሮ አለው ወይስ የለውም?

## ፍጥነትና ዕድሜ

ስለ ፍጥነት አጭር ነገር ልበል። የእኛ መልስ ጥቂት ኪሎባይት ነው። ጥያቄው ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፣ ይመለሳል። በዚያ መሀል ኤክስኤምኤሉን ለማንበብ የሚጠፋው ጊዜ ማንም የማያየው ነው። ክላየንቱ ቀርፋፋ ነው ብለው ሲያማርሩ ያገኘሁት ምክንያት ሌላ ነበር፤ ኮዱ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ጃክስቢ ኮንቴክስት (የክላሶቹን ካርታ የያዘ ኦብጀክት) ይፈጥራል። ኮንቴክስት ለመፍጠር ከባድ ነው፤ ግን ብዙ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሮጥ ሥራ) በአንድ ጊዜ ሊጋራው ይችላል። አንዴ ተፈጥሮ መቀመጥ አለበት። አንማርሻለሩ ነው በትሬዶች መካከል መጋራት የሌለበት። ይሄን ማስተካከል ፍሬምወርክ ከመቀየር የበለጠ ጠቀመን።

ዕድሜ ግን ከባድ ጥያቄ ነው። ጃክስቢ በ2006 ከጃቫ 6 ጋር ጃቫ ውስጥ ገባ። ለዓመታት ምንም ሳታወርድ ታገኘው ነበር። በ2017 ጃቫ 9 ላይ "ሊወጣ ነው" ተባለ፤ በ2018 ጃቫ 11 ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ እንደማንኛውም ላይብረሪ ለብቻ ትጨምረዋለህ። በ2020 ደግሞ በጃካርታ ኢኢ 9 (የጃቫ የድርጅት ሥራ መመዘኛዎች ስብስብ) የፓኬጁ ስም ራሱ ከጃቫክስ ወደ ጃካርታ ተቀየረ፤ የድሮ ጀነሬትድ ኮድ ከአዲሱ ጋር አይገጥምም፤ ከስኪማው እንደገና ማመንጨት ነው። ይሄ ሁሉ ያለፋል። ግን መንገዱ የታወቀ ነው፤ ሰው ሁሉ የሄደበት ስለሆነ ስትጠፋም የሚመልስህ አይጠፋም። የኤዲቢ ክላሶች ያለ አክሲስ2 አይንቀሳቀሱም። አንዴ ከገባህ አብረኸው ነህ።

አዳማ ያለ ቢሮ ይሄን ችላ ማለት አይችልም። እኔ ነገ ብለቅ የሚተካኝ ልጅ ምናልባት ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ገና የወጣ ይሆናል። ጎበዝ ነው፣ ጃቫ ያውቃል። ጀርባው ላይ ግን ማንም የማያውቀውን ላይብረሪ ጭኜበት መሄድ አልፈልግም። ለእኔ የተተወልኝን ኮድ ሳነብ የነበረኝን ስሜት አስታውሳለሁ።

## ጥቅምት 30

ጥብቅ መሆን ሁሉን እንደማይፈታ ያስተማረኝ ሌላ ሰርቪስ ነው። ይሄኛው እዚሁ ሀገር ካለ አጋር ድርጅት ጋር የምንገናኝበት ነው። ስኪማቸው ላይ የሰነድ ቀን የሚለው መስክ ዴት ዓይነት ተደርጎ ተጽፏል። የሚልኩት ግን በእኛው አቆጣጠር ነው።

ምን እንደሚሆን አስቡት። የስኪማ ዴት የፈረንጆቹ ካላንደር ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2014 የሚለው ሲላክ ዓመቱ 2014፣ ወሩ 02፣ ቀኑ 30 ሆኖ ይመጣል። በፈረንጆቹ ሁለተኛው ወር 30 ቀን የለውም። ዝም ያለው ጃክስቢ ቦታውን ባዶ ያደርገዋል፤ ጥብቅ የሆነው ኤረር ይላል። ጳጉሜንም እንዲሁ ናት፤ 13ኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም። እነዚህ እንኳ ይሻላሉ፤ ቢያንስ ምልክት ይተዋሉ። ጥር 5 ቀን 2014 ሲላክስ? ዓመት 2014፣ ወር 05፣ ቀን 05። ፍጹም ትክክለኛ ቀን ነው። ስኪማው ያልፋል፣ ቫሊዴሽኑ ያልፋል፣ ኦብጀክቱ ይሞላል። እውነተኛው ቀን ግን በፈረንጆች ጃንዋሪ 13 ቀን 2022 ነው። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ወደኋላ ሄደን ማንም አይነግረንም።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። በ2014 ዓ.ም. ካሉት 365 ቀናት ውስጥ የፈረንጆቹ ዴት "ይሄ ቀን የለም" ብሎ የሚይዛቸው 7 ብቻ ናቸው፤ ጥቅምት 29፣ ጥቅምት 30 እና አምስቱ የጳጉሜን ቀናት። የቀሩት 358 ቀናት በሰላም ገብተው ውሸት ይሆናሉ። የትኛውም ፍሬምወርክ፣ የቱንም ያህል ጥብቅ ቢሆን፣ ከዚህ አያድንም። ዓይነቱን ያውቃል፤ ትርጉሙን አያውቅም።

እነዚህ መመዘኛዎች ሲጻፉ እኛ በሐሳብ ውስጥ እንዳልነበርን ደጋግሜ ይሰማኛል። ኤክስኤምኤል በ1998 ሲወጣ በኤለመንት ስም የሚፈቀዱት ፊደሎች የዩኒኮድ 2.0 ነበሩ። ግዕዝ ዩኒኮድ የገባው በ1999፣ በ3.0 ነው። ስለዚህ በግዕዝ ፊደል ይዘት መጻፍ ይቻላል፣ የኤለመንት ስም ማውጣት ግን በ1.0 አይቻልም ነበር፤ እስከ አምስተኛው እትም፣ እስከ 2008 ድረስ። አሁን ይቻላል። ካላንደሩ ግን ዛሬም የእኛ አይደለም። እኛ መሸከም ያለብንን ራሳችን መጻፍ አለብን።

የጻፍነውም ይሄን ነው። ለዚያ መስክ ብቻ አዳፕተር ሠራን። ጃክስቢ ጽሑፉን ወደ ዴት ከመቀየሩ በፊት ለእኛ ኮድ ይሰጠዋል፤ የእኛ ኮድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አንብቦ ወደ ፈረንጆቹ ይቀይረዋል። ጳጉሜንን ያውቃል። ስድስተኛዋ ጳጉሜን በየትኛው ዓመት እንደምትመጣም ያውቃል። ይሄን አዳፕተር በቀላሉ መስቀል መቻሉ ወደ ጃክስቢ ከመለሱኝ ነገሮች አንዱ ነው።

## የመረጥነው

በመጨረሻ እዚያው ጃክስቢ ላይ ቀረን፤ ጠባዩን ግን ቀየርነው። አዲሱ ክላየንት ሲኤክስኤፍ ላይ ነው። ያልታወቀ ኤለመንት ሲመጣ አንቁም፣ አንዝለልም አልን። የራሳችን ኢቨንት ሃንድለር ይሰማል፣ ይመዘግባል፣ እንዲቀጥል ይፈቅዳል። ያ መልስ ግን አረንጓዴ አይሆንም። ስክሪኑ ላይ ቢጫ ሆኖ "ያልተነበበ መረጃ አለ" ይላል፤ ሲጫኑት የኤለመንቱን ስም ያሳያል። ጥሬው ኤክስኤምኤልም ለብቻ ይቀመጣል። ቢጫ የሆነ ኮንቴይነር ላይ መኪና ከመላኩ በፊት ጋሼ ስልክ ይደውላሉ። ፍርዱ የሰው ነው። ሆልድ ይሁን የመርከብ ሰንደቅ ዓላማ ከእሳቸው የተሻለ የሚለይ ፕሮግራም እኔ መጻፍ አልችልም።

ቁጥር የሚጠበቅበት ቦታ ላይ ሌላ ነገር ከመጣ ግን ይቆማል። ክብደትና ገንዘብ ላይ ግምት የለም። ገንዘቡ አስርዮሽን በትክክል የሚይዘው ቢግዴሲማል ነው፤ የሚያጠጋጋው ደብል አይገባም።

ለምርጫው የሠራናቸውን የሙከራ ፋይሎች ላኪው መስፋፋቱን ሲቀጥል ደጋግመን ተጠቀምንባቸው። አንዱ ትርፍ ኤለመንት አለው። አንዱ ግዴታ የሆነው መስክ ጎድሎታል። አንዱ ቁጥር ላይ ፊደል አለው። አንዱ ጥቅምት 30ን ይዟል። አዲስ ላይብረሪ የሚያመጣ ሰው በመጀመሪያ እነዚህን ያስነብበው እላለሁ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ከማንኛውም የፍጥነት ሰንጠረዥ በላይ ይነግረዋል።

ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል። ስታተሱ ስኪማው ላይ በኢነመሬሽን፣ ማለትም በተፈቀዱ ቃላት ዝርዝር፣ ነው የተዘረዘረው። ጃክስቢ ወደ ጃቫ ኢነም ይቀይረዋል፤ ነገ ላኪው አዲስ ቃል ቢጨምር ኢነሙ ስለማያውቀው ባዶ ይሆናል፤ ሃንድለሩ ቢሰማም ቃሉ ራሱ ኦብጀክቱ ውስጥ የለም። እኔ ባይንዲንግ ፋይሉ (ጃክስቢ ክላሶቹን እንዴት እንዲያመነጭ የሚነግረው ፋይል) ላይ ኢነም መሥራቱን አጥፍቼ እንደ ተራ ጽሑፍ ይምጣ እላለሁ፤ ያላወቅነውን ቃል ጋሼ እንዲያነቡት። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ አይስማማም። "ኢነም ከሌለ ኮምፓይለሩ አይጠብቀንም፣ አንድ ፊደል ተሳስተን ብናወዳድር ማን ይነግረናል?" ይላል። እውነት አለው። ለጊዜው የጽሑፍ መስኩን አስቀምጠን፣ ከእሱ ላይ የሚያወዳድረውን ኮድ አንድ ክላስ ውስጥ ብቻ ሰብስበነዋል፤ ያችን ክላስ የሚጽፈውም የሚፈትነውም እሱ ነው።